ዓሣውን መሬት ላይ አትጣዪው

አዲስ አበባ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለሚሚዬ፣

እማዬ ብርዱ ጉልበቷን ትንሽ ቢይዛትም ቤተ ክርስቲያን መሳለሟን አላቋረጠችም። በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጅቷል፤ ወደ ፍራንክፈርት የሚመጣ ሰው በተገኘ ዕለት ይላክልሻል። ድርቆሽም ጨምራበታለች። አንቺ ብቻ ራትሽን በጊዜው ብዪ።

ባለፈው ሳምንት የላክሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። የሩንስኬፕ ጨዋታችንን ከእንግዲህ በሥርዓት ልትይዢው እንዳሰብሽ፣ የት ቦታ በሰዓት ስንት ነጥብ እንደሚገኝ የሚያሳይ ሠንጠረዥ እንዳገኘሽ፣ በዚያ ሠንጠረዥ ሲታይ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናጠምደው ሎብስተር ጊዜ ማባከን እንደሆነ ጽፈሻል። ከሥራ ስትገቢ ልብስሽን እንኳ ሳትቀይሪ ስልኩን እንደምትከፍቺ ነግረሽኛል። የዓሣ ማጥመድ ደረጃሽ 99 እስኪገባ ምን ያህል እንደቀረሽም አስልተሽ ልከሽልኛል። መጨረሻ ላይ ግን «ሰሞኑን ጨዋታው ራሱ ያደክመኛል» ብለሽ ተሰናበትሽኝ። ብዕር ያስያዘኝ ይህ የመጨረሻው ቃልሽ ነው። በስልክ ብነግርሽ «እሺ በቃ፣ አታካብድ» ትዪኝና ወሬ ትቀይሪያለሽ። ደብዳቤ ሲሆን ግን እስከ ታች እንደምታነቢኝ አውቃለሁ።

ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ባርባሪያን መንደር ወንዝ ዳር በላባ ትራውትና ሳልመን የሚያጠምድ ሰው፣ ካራምጃ ደሴት ላይ ወጥመድ ጥሎ ሎብስተር ከሚጠብቀው ሰው ቀድሞ ያድጋል። የበለጠ ለመፍጠን ደግሞ የያዘውን ወደ ባንክ አይወስድም። ቦርሳው 28 ቦታ ብቻ ስላለው በሞላ ቁጥር መመላለስ ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ዓሣውን እዚያው መሬት ላይ እያፈሰሰ ማጥመዱን ይቀጥላል። አንቺም እንዲሁ እንደጀመርሽ ስትጽፊልኝ ከፋኝ። ዓሣው ሥዕል መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም እኔና አንቺ ቁራሽ እንጀራ ስትወድቅ አንስተን ስመን ያደግን ልጆች ነን፤ ወንዝ ዳር ተከምሮ የሚጠፋ ሳልመን ማየቱን ሆዴ አልቻለውም።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ዓሣ ብዙ ቦታ የሚደርስ ነገር ነው። ዛፍ ቆርጠሽ እሳት ታነጃለሽ፤ እሳቱ ላይ ትጠብሺዋለሽ፤ አንዳንዱ ያርርብሻል። የተጠበሰ አንድ ሎብስተር 12 ነጥብ ጤና ይመልሳል። ከውጊያ ቆስሎ የመጣ የማናውቀው ሰው ሎብስተር ስትሰጪው እዚያው እየዘለለና እየሰገደ ሲያመሰግንሽ ያየሁበት ማታ ትዝ ይለኛል። ነጥቡ ብቻ ሲፈለግ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ እሳቱም፣ ያረረውም፣ እንግዳውም። ጣት ስክሪን መንካቱ ብቻ ይተርፋል። በዚያ መንገድ ከልባቸው የሚደሰቱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሩጫ እንደሚወድ ሰው ሰዓታቸውን ማሻሻል ያስደስታቸዋል፣ ደግ ያድርግላቸው። አንቺ ግን ደክሞኛል አልሽኝ።

መንገዱ እንዴት እንደተሠራም ልብ በዪልኝ። 99 ለመግባት 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። 92 የደረሰ ሰው በሩ ላይ የቆመ ይመስለዋል፤ ያለው ነጥብ ግን 6,517,253 ነው፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ደረጃ ማደጉን የሚያበስረው ርችት በየደቂቃው ከራስሽ በላይ ይፈነዳል፤ ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ለመድረስ ብቻ የሚጫወት ሰው እንግዲህ ጨዋታውን ከሞላ ጎደል ያልደረሰ ሰው ሆኖ ነው የሚፈጽመው። በመሄዱ ለሚደሰት ደግሞ ያው ርዝመት በረከት ነው፤ አያልቅበትም። እኔ ርችቱን አልጠላውም። ባለፈው ሳላስበው ሲፈነዳልኝ እማዬን ጠርቼ አሳየኋት፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት እልል አለችልኝ።

አሁን የኛን ቅዳሜ ከኔ በኩል ሆነሽ እዪልኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፖርት ሳሪም ወደብ ላይ እንገናኛለን። ወደቡ አጠገብ ስደርስ ያ የባሕረኞች ዜማ፣ ኢያን ቴይለር የደረሰው «ሲ ሻንቲ 2» ይጀምራል። እማዬ ከሳሎን ሆና «እህትህ መጣች?» ትለኛለች፤ ዜማውን ካንቺ ጋር አያይዛዋለች። ለመርከቡ 30 ሳንቲም ከፍለን ካራምጃ እንሻገራለን። ገንዘብ የጎደለን ዕለት ሉታስ የሚባለው የሙዝ እርሻ ባለቤት አለልን፤ ሳጥኑን በ10 ሙዝ ስንሞላለት ልክ 30 ሳንቲም ይከፍለናል፣ የመመለሻ መሳፈሪያችንን ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ደግ ልብ ያለው ይመስለኛል፤ ደሴት ላይ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው እንዳይኖር አድርጎታል።

ከዚያ ውኃው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ወጥመዳችንን እንጥላለን። ሁለታችን ባሕር በሌለው አገር ያደግን፣ ሎብስተር በዓይናችን ያላየን ሰዎች! እዚህ ላይ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነገር አለ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲያጠምድ የአንዱ መያዝ የሌላውን አይቀንስም። አንቺ ስትይዢ እኔ አልጎድልም፤ እኔ ስይዝ አንቺ አትጎድይም። ሽሚያ የሌለበት ውኃ ነው። አንዴ ከነካነው በኋላ ካራክተሩ ራሱ ያጠምዳል፤ የዓሣው ቦታ ሲቀየር ብቻ እንከተለዋለን። ጨዋታው ከባድ ስላልሆነ የኔ አሮጌ ስልክም ይችለዋል። መብራት ሄዶ ኔትዎርክ ሲቋረጥ ካራክተሬ ካጠገብሽ ድንገት ይጠፋል፤ ስመለስ ከዚያው ቆመሽ አገኝሻለሁ።

በተራ ስልክ ስንደዋወል ሁለታችንም ሁልጊዜ ደህና ነን። አንቺ ደህና ነሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራው ደህና ነው፣ ብርዱ ደህና ነው። እውነቱን ያወራነው ካራምጃ ላይ ነው። የቋንቋ ፈተናውን ፈርተሽ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛሽ የነገርሽኝ ወጥመድሽን ጥለሽ ነበር። የመጀመሪያውን ገና ብቻሽን ማሳለፍሽን፣ ከመስኮቱ ስር የሚያልፉትን ሰዎች ስታዪ ምን እንደተሰማሽ እዚያ ነው የሰማሁት። እኔም የአባባን ነገር፣ የመጨረሻዎቹን ቀኖች፣ ለማንም ያልተናገርኩትን፣ ሎብስተር እየቆጠርኩ ነው የነገርኩሽ። ፊት ለፊት ተያይተን ቢሆን አልወጣልኝም ነበር። እማዬና ጎረቤቶቿ በረንዳው ላይ ጥጥ ሲፈትሉ እንደነበረው ነው፤ እንዝርቱ ይሾራል፣ ዓይን እንዝርቱ ላይ ነው፣ አፍ ግን የልቡን ያወጣል። ስለ ጋቢው የሚያወራ ማንም አልነበረም፤ ጋቢው ግን በጊዜው ይደርስ ነበር። እኛም ቦርሳችን ይሞላል፣ ድሬይነር ባንክ ወስደን እናስቀምጠዋለን፣ እንመለሳለን። ደረጃችንም በዚያው ውስጥ ያድጋል።

አንቺን ያስጀመርኩበትን ምሽት አስቢው። ጀርመን የገባሽ ሰሞን ነበር፤ ድምፅሽ ቀጥኖ ነበር። ላምብሪጅ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ያለው ምግብ አብሳይ ለመስፍኑ ልደት ኬክ ሊጋግር ዕንቁላል፣ ወተትና ዱቄት አምጡልኝ አለን። ዕንቁላሉን ከዶሮዎቹ አነሳሽ፤ ላሟን ለማለብ ባልዲ ፍለጋ መንደሩን አዳረስሽ። ስንዴውን ይዘሽ ወፍጮ ቤቱ ላይኛው ፎቅ ወጣሽና ጨመርሽው፤ ማንሻውን ሳብሽው፤ ከዚያ እዚያው ቆመሽ «ዱቄቴ የታለ? ሰረቁኝ!» አልሽ። ዱቄቱ ታች ምድር ቤት ወርዶ ይጠብቅሽ ነበር። ያን ማታ እንዴት እንደሳቅሽ! ከሄድሽ ጀምሮ እንዲያ ስትስቂ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ለእማዬ አሰማኋት፤ እሷም ሳቅሽን ሰምታ ሳቀች። ለዚያ ሥራ ምን እንደተሰጠሽ ትዝ ይልሻል? የምግብ ማብሰል 300 ነጥብ ነበር። እኔም ረስቼው ኖሮ፣ ለዚህ ደብዳቤ ስል ፈልጌ አገኘሁት። ሳቁን ግን ማንም እንዲያስታውሰኝ አያስፈልገኝም።

ይህ ጨዋታ እንዴት እንደመጣ ነግሬሽ አላውቅም። ዓመቶቹን በእናንተ አቆጣጠር ልጻፍልሽ። ሩንስኬፕን በ2001 ጥር ወር የከፈተው አንድሩ ጋወር የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ ወንድሙ ፖልም አብሮት ሠርቷል። ከወንድማማቾች እጅ የወጣ መሆኑን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ኋላ ካምብሪጅ ያለው ኩባንያ ጃጌክስ እየለወጠ፣ እየጨመረ ሄደ። በ2012 መጨረሻ ውጊያውን ከሥሩ ሲቀይረው ብዙ የድሮ ተጫዋች አኮረፈና ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2013 የካቲት፣ ኩባንያው ሕዝቡን ጠየቀ፦ ከ2007 ነሐሴ ተቀምጦ የተረፈ የድሮው ጨዋታ ቅጂ አለ፣ እንክፈትላችሁ? ከ440 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ በዚያው ወር ተከፈተ። አሁን እኔና አንቺ የምንገባበት ኦልድ ስኩል የሚሉት ይኸው ነው።

ይህን ታሪክ የምወድበትን ምክንያት ልንገርሽ። የድሮው ዓለም ሲከፈት ማንም ንብረቱን ይዞ አልገባም። ዓመታት ለፍቶ 99 የደረሰውም፣ ባንኩን በወርቅ የሞላውም፣ ያ ሁሉ በአዲሱ ጨዋታ ውስጥ ቀረበት። የገባው እንደ ማንኛውም ጀማሪ ባዶ እጁን ነው፤ መማሪያዋ ደሴት ላይ ቆሞ በትንሽ መረብ ሽሪምፕ ማጥመድ ድጋሚ ተማረ። ያን ያህል ሰው ያንን መርጦ ገባ! ለደረጃውና ለሀብቱ ብቻ የሚጫወት ሰው ደረጃና ሀብቱን ጥሎ ወደ ሽሪምፕ አይመለስም። የተመለሱት ናፍቀውት ነው፤ የላምብሪጅን ሙዚቃ፣ በግ መሸለቱን፣ አብረው ሲጫወቱ ያደጉትን ጓደኞች። ዛሬም ትልልቅ ለውጦች የሚገቡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው በድምፅ ሲያጸድቋቸው ነው፤ ከመቶ 75 ይጠየቅ የነበረው ኋላ ወደ 70 ወርዷል። የሚወዱትን ነገር ዳግም እንዳይነጠቁ ዘብ የቆሙለት ይመስለኛል።

ለጥቅም መጫወት ነውር ነው እያልኩሽም አይደለም። በ2017 አካባቢ፣ የቬኔዝዌላ ገንዘብ ዋጋ ባጣበት ጊዜ፣ እዚያ አገር የነበሩ ሰዎች በዚሁ ጨዋታ ውስጥ አረንጓዴ ዘንዶ እየገደሉ፣ አጥንቱንና ቆዳውን እየሸጡ፣ ያጠራቀሙትን የጨዋታ ወርቅ ለውጭ ሰው በዶላር ይሸጡ ነበር። የጨዋታው ሕግ ስለሚከለክል በማናቸውም ሰዓት ሊታገዱ ይችሉ ነበር፤ ዘንዶው ያለበት ምድረ በዳም ሌላ ተጫዋች ገድሎ የያዙትን የሚቀማበት ቦታ ነው። ሲያሳድዷቸው የሚውሉም ነበሩ። እኔ እነዚያን ሰዎች አከብራለሁ። ለእነሱ ሥራ ነበር፤ በዚያ ወርቅ ዳቦ ይገዛ ነበር። እነሱ ሠንጠረዥ ቢይዙ፣ ደቂቃ ቢቆጥሩ፣ ቢደክማቸውም የሚገባ ድካም ነው። አንቺ ግን ሥራ አለሽ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ አቅፈሽ፣ አፍንጫ ጠርገሽ፣ ጫማ አስረሽ ትውያለሽ። ማታ ደግሞ ደሞዝ የሌለው ሌላ ፈረቃ ስትገቢ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ከልጆች ጋር ስለምትውዪ የምልሽን ነገር ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለው መዋዕለ ሕፃናት የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። በቀለም ብዕር መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። አንዳንዶቹን «ከሣላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን» አሏቸው። ሌሎቹ ከሣሉ በኋላ ሳይጠብቁት ተሰጣቸው። የተቀሩት ምንም አልተባሉም፣ ምንም አልተሰጣቸውም። ከቀናት በኋላ ብዕሮቹን እንደገና ጠረጴዛ ላይ አድርገው ልጆቹን በነፃ ሲተዉአቸው፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች የሣሉበት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። እነዚያ ልጆች ከዚያ በፊት ማንም ሳይነግራቸው ይሥሉ ነበር። አንቺ ራስሽ የነገርሽኝ ልጅ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ሲሥል ቆይቶ ወረቀቱን ትቶት ወደ አሸዋው የሮጠው። ስታወሪልኝ በድምፅሽ ውስጥ አድናቆት ነበር። ያንን ልጅ ነው የማስብልሽ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። በሌሎቹ ቀናት ደስ እንዳለሽ ተጫወቺ፤ 99ኙንም ከወደድሽው ግቢበት፣ ርችቱን አብሬሽ አያለሁ። ቅዳሜን ግን ያለ ሠንጠረዥ ተዪልኝ። ደክሞሽ የገባሽ ማታ ደግሞ አትክፈቺው፤ ምንም አይጎድልብሽም። ወር ሙሉ ብትቀሪ ከነጥብሽ አንድ አይቀነስም፤ ካራክተርሽ ትተሻት ከሄድሽበት ቦታ፣ በለበሰችው ልብስ ትጠብቅሻለች። ቅዳሜም ካልቻልሽ ካራምጃ ባንሄድ ግድ የለኝም፤ ተኚ። እኔ የምፈልገው አንቺን ነው።

አቅሙ ካለሽ ግን ለሚመጣው ቅዳሜ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ፖርት ሳሪም ወደብ ላይ የሚቆመውን ቀይ ጢም ያለውን ባሕረኛ ታውቂዋለሽ፤ ሁሌ አልፈነው ነው የምንሄደው። የካራምጃ ሩም የሚባል መጠጥ ላመጣለት ሰው የተደበቀ ሀብት ያለበትን ይነግራል ይላሉ። ችግሩ ከደሴቱ ስንመለስ የጉምሩክ ሰዎች ይፈትሻሉ፤ ሩም ካገኙብን ይወርሱብናል። እንዴት እንደሚያልፍ የሚነግር መመሪያ በየቦታው ሞልቷል፤ እኔ አላነበብኩትም፣ አንቺም እባክሽ አታንብቢው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢወርሱብን ሌላ እንገዛለን። አንድ ቀን ሙሉ ቢፈጅብን የበለጠ ደስ ይለኛል። ሀብቱ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለማወቅም አልቸኮልኩም።

እማዬ «ግንባሯን ሳምልኝ» ብላለች። ድርቆሹን በዘይት ለውሰሽ በቲማቲም እንድታደርጊው፣ ውኃ እንዳታበዢበትም ጻፍላት አለችኝ። ካልሲ ደርቢ፣ የጉሮሮሽን ነገር ሐኪም አሳዪው። የሥራ ባልደረባሽን፣ ያቺን ሾርባ ያመጣችልሽን፣ ስለኛ ሆነሽ አመስግኝልን።

ጉምሩኩን እንዴት እንደምናልፈው ካሁኑ አስቢበት፤ እኔ እስካሁን አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱም ሙዙ ጋ የሚያያዝ ነው።

እጅግ የሚወድሽ
ወንድምሽ